ስሙ ትንሣኤ፣ መልሱ ገና

በየሰፈሩ አንድ የሚዘጋጅ ሰው አለ። ስለሚሠራ ሰው አይደለም የማወራው፤ ስለሚዘጋጅ ሰው ነው። ቤት ሠርቶ፣ ጣሪያ አልብሶ፣ "ትንሽ ቀለም ይቀረዋል" እያለ ኪራይ ቤት ውስጥ የሚያረጅ አለ። የትራፊክ ምልክቱን ሁሉ በቃሉ ሸምድዶ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ዕለት "መኪናውን ትንሽ ልልመደው" ብሎ የሚቀር አለ። ጥሩውን ብርጭቆ ለእንግዳ ብላ ቡፌ ውስጥ ቆልፋ፣ እንግዳ ሲመጣ በላስቲክ ኩባያ የምታጠጣ አለች። እነዚህን ሰነፎች የሚላቸው ሰው ካለ አያውቃቸውም። ሰነፍማ ያርፋል። እነዚህ ዕረፍት የሚባል ነገር የላቸውም።

የእኛዋ ሆሳዕና በዚህ ረገድ የሚወዳደራት የለም። ክቡር ሊቀ ዝግጅት ትንሣኤ ኃይለመለኮትን አፍርታለች። ሊቀ ዝግጅት የሚለውን ማዕረግ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የተቃወመኝም የለም። በትምህርቱ ፕሮግራመር ነው። ሥራው ግን ለፕሮግራመርነት ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት ነው።

እኔ እንዴት ይህን ያህል አወቅኩት? ሊያገባኝ ስለሆነ ነው። መቼ ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ በዚያን ጊዜ ለዚህ ጥያቄ የነበረን መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ "ገና ነው" የሚል። ዛሬ እየሳቅኩ እጽፈዋለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ ይህን ቃል ስሰማ ጥርሴ ይፋጭ ነበር።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። የሶፍትዌር ድርጅቶች ሰው ሲቀጥሩ "ስለ ራስህ ንገረን" ብለው አይበቃቸውም። እንቆቅልሽ ይሰጣሉ። "ይህን የቁጥር ዝርዝር በትንሹ ድካም አስተካክልና አሳየን" ይሉና፣ አንተ ኮዱን ስትጽፍ እነሱ ቁጭ ብለው ያዩሃል። ዝም ብሎ መጻፍም አይቻልም። የምታስበውን ሁሉ ጮክ ብለህ እየተናገርክ ነው የምትጽፈው። በእኛ አገር ደግሞ ብቻውን ጮክ ብሎ የሚያስብ ሰው ጠበል ነው የሚወሰደው።

ትንሣኤ ሙያው አያንሰውም። ከተማችን ውስጥ አንድ ክሊኒክ የበሽተኞቹን ካርድ ሳያተራምስ የሚያገኘው እሱ በጻፈው ፕሮግራም ነው። አንድ ሆቴልም የትኛው ክፍል እንደተያዘ የሚያውቀው በእሱ ነው፤ ድሮ በር አንኳኩተው ነበር የሚያጣሩት። ግን ይህ ሁሉ ዛሬ መጥቶ ነገ የሚቀር የቁርጥራጭ ሥራ ነው። ቋሚ ሥራ፣ ያውም ከሆሳዕና ሳይወጡ ለአዲስ አበባ ድርጅት የሚሠራው ዓይነት፣ ያለዚያ ፈተና አይገኝም። እሱ ደግሞ አቋሙን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሮኛል። "ሥራ ሳልይዝ አባትሽ ቤት ሽማግሌ አልልክም። ሳልዘጋጅ ደግሞ ለሥራ አላመለክትም።"

"እሺ ምን ቀረህ?" እለዋለሁ።

"ግራፍ ይቀረኛል።"

ግራፍ አለቀ። "አሁንስ?"

"አሁን ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ የሚባል አለ፤ እሱ ነው ሰው የሚጥለው።"

እሱም አለቀ። ደስ ብሎኝ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ "አሁንስ?" ብዬ ስመጣ፣ ፊቱ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ሆኖ ጠበቀኝ። "ዮዲትዬ፣ መጀመሪያ ያነበብኩት ተረሳኝ። እንደገና ልጀምረው ነው። ገና ነኝ።"

ሰፈሩ በስሙ ይቀልዳል። "ትንሣኤ ገና ነው" ይላሉ ባዩት ቁጥር፤ ሁለት በዓል በአንድ ዓረፍተ ነገር። እናቱ እማማ እህተማርያም ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። "ስሙን ትንሣኤ ያልኩት እንዲነሣልኝ ነው፤ እሱ ግን ገና ላይ ቀረ" ትላለች፤ እሷ ስትለው ቀልድም ጸሎትም ነው።

ሊቀ ዝግጅት ሲዘጋጅ ብቻውን አይዘጋጅም። አገር ነው የሚዘጋጀው። አንዳንድ ድርጅት ሰሌዳ ላይ አቁሞ ያጽፋል የሚል ወሬ ከሰማ ጀምሮ የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር ሰሌዳ አደረገው። በውጭ በኩል፣ በጠመኔ፣ ሳጥን በሳጥን ሥሎ ቁጥር ይሞላበታል። አንድ ቀን ጀሪካን የያዙ የሰፈር እናት መጥተው በሩን ትኩር ብለው አዩና "ልጄ፣ የውሃ ወረፋው ወጣ እንዴ? የእኛ ተራ የቱ ጋ ነው?" አሉት።

ሌላ ሰው ቢሆን "አይ እማማ፣ የትምህርት ነገር ነው" ብሎ ይሸኛቸው ነበር። እሱ ግን ማስረዳት ልምምድ ነው ብሎ ያምናል። "እማማ፣ ይሄ ወረፋ ሳይሆን ቁልል ነው የሚባለው። ወረፋ ላይ መጀመሪያ የመጣው ቀድሞ ይወጣል። እዚህ ላይ ግን መጨረሻ የገባው ነው ቀድሞ የሚወጣው።"

"እኔስ ምን አልኩ!" አሉ ሴትዮዋ ጀሪካኑን መሬት ላይ ወርውረው። "ስንጮህ የከረምነው በዚሁ አይደለም እንዴ! መጨረሻ የመጣው ነው ቀድሞ የሚቀዳው! ጭራሽ ደግሞ ጽፋችሁ ለጠፋችሁት?" ያን ቀን እማማ እህተማርያም ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች ይቅርታ ስትጠይቅ ዋለች። በሩም ታጠበ። በማግስቱ ግን እንደገና ተጻፈበት።

ጮክ ብሎ ማሰቡንማ ተዉት። ዶዮገና የጓደኛችን ሠርግ ላይ ልንገኝ ሚኒባስ ተሳፍረናል። እኔ ሂል ጫማ አድርጌ፣ እሱ ከረባት አስሮ፣ ሰው ሲያየን ደኅና ነው የምንመስለው። ገና ከከተማ ሳንወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። "መጀመሪያ መሃሉን እንቁረጠው። የምንፈልገው ከመሃሉ ያንሳል? እንግዲያው የቀኙን ግማሽ እንጥለዋለን። የቀረውንም እንደገና መሃሉን እንቆርጠዋለን።"

አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ዶሮዋን አቅፋ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። ረዳቱ አንገቱን ሰገግ አድርጎ "ወንድሜ፣ ምኑን ነው የምትቆርጠው?" አለው።

"የተደረደረውን ነዋ" አለ ትንሣኤ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ። "መደርደሩን እርግጠኛ ከሆንኩ መቁረጡ ቀላል ነው።"

ረዳቱ በየወንበሩ የተደረደርነውን ተሳፋሪዎች አየ። እኔ አላውቀውም ብዬ በመስኮት በኩል እንሰት ማየት ጀመርኩ። ዶዮገና እስክንደርስ ከሚኒባሱ ውስጥ የተነፈሰ ሰው የለም።

የእኔ አባት ጋሽ ጠና የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት በማይኖርበት ቀን ሱቅ ውስጥ አግዛቸዋለሁ። ስለ እኔና ስለ ትንሣኤ ያውቃሉ፤ እንደማያውቁ ሆነው ነው የሚያውቁት። አንድ ቀን ትንሣኤ አምፖል ሊገዛ መጣና፣ አባቴ አምፖሉን እየሞከሩለት "ልጄ፣ ያ ፈተና የምትለው ነገር ደረሰልህ?" አሉት።

"ገና ነኝ ጋሽ ጠና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።"

"ይባላል" አሉ አባቴ። "እኔ ግን ይህን ሱቅ ስከፍት መደርደሪያው ላይ የነበረው ሚስማርና ገመድ ብቻ ነው። ሞልቶ የተከፈተ ሱቅ የት አይተሃል?"

ትንሣኤ ምክሩ ልቡን ነካው። "በጣም ትልቅ ነገር ነው የነገሩኝ ጋሽ ጠና፤ አስብበታለሁ" ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሄዶም አሰበበት። አስቦበት ሲያበቃ መዘጋጀቱን ቀጠለ። አባቴ በሩን እያዩ "ዮዲት" አሉኝ፣ "ይህ ልጅ ሽማግሌ ልላክ ያለ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አርጅተው ይጠብቁታል።" ሳቅኩ። ከልቤ ግን አይደለም።

የባሰው ዮሲ ነው። ዮሲ የትንሣኤ የአጎት ልጅ ነው። ፕሮግራሚንግ ያስተማረው ትንሣኤ፣ ሲሳሳት ያረመው ትንሣኤ፣ "ዛፍ የሚባለውን ትምህርት ልዝለለው፣ ፈተና ላይ አይመጣም" ብሎ ሲሰንፍ የገሠጸው ትንሣኤ። ዮሲ ከሚጠየቀው ግማሹን እንኳ ሳያነብ አመለከተ፣ አዲስ አበባ ሄደ፣ ተፈተነ፣ ተቀጠረ። ምን ጠየቁህ ስንለው "አላስታውስም፤ ዝም ብዬ አወራሁ" አለን። ቤቱ በእልልታ ሲቀልጥ ከሁሉም በላይ የጨፈረው ትንሣኤ ነው፤ ከልቡ ነው ደግሞ፣ ቅናት የሚባል አልተፈጠረበትም። ጨፍሮ ሲያበቃ ላቡን ጠርጎ ወደ ጠመኔው ተመለሰ። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ የእኔን ነገር ልናገር። በእኛ ከተሞች "አይሆንም" የሚል ሰው የለም። ይሉኝታ አያስብለንም። ዕቃውን ሊሸጥልህ ያልፈለገ ነጋዴ "ገና አልገባም" ይልሃል። ሊፈርምልህ ያልፈለገ ሹም "ገና ነው፣ ሳምንት ብቅ በል" ይልሃል። ሳምንት ብቅ ትላለህ፤ አሁንም ገና ነው። ሰው ከጊዜ በኋላ ነገሩ ይገባዋል፤ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል፤ ማንም ማንንም እምቢ ሳይል ነገሩ ያበቃል። ትንሣኤ "ገና ነኝ" ባለ ቁጥር ሰፈሩ የሰማው ቀልድ ነው። እኔ የሰማሁት ያንን የሹሙን ገና ነው። ይህ ሰው እምቢ ማለት ከብዶት ይሆን? እያልኩ ነበር የምኖረው። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለእሱም ቢሆን።

ያ ስልክ የመጣው እንዲህ ውስጤ በሚበላኝ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ ነበር። ጭማቂ ቤት ተቀምጠን ስፕሪስ እየጠጣን ሳለ የማያውቀው ቁጥር ደወለ። ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። ሴትየዋ ሪሀና እባላለሁ አለች፤ ዮሲ ከሚሠራበት ድርጅት፣ ከሠራተኛ ቅጥር። ዮሲ፣ ማንንም ሳያማክር፣ የአጎቱን ልጅ ስልክ ሰጥቷት ኖሯል።

"አቶ ትንሣኤ፣ ለቴክኒክ ቃለ መጠይቅ ልንይዝዎት ነበር። መቼ ይመችዎታል?"

ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ትንሣኤ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። "እኔ... ማለቴ... ገና..."

"ሃሎ? ገና አሉኝ?"

"አዎ፣ ገና..."

"ውይ፣ ገና ዕለት እኮ ቢሮ ዝግ ነው። ማግስቱን ላድርግልዎት?"

"አይ፣ እኔ ገና ነኝ ለማለት..."

"ገባኝ፣ ገባኝ፤ ለገና ቤተሰብ ጋ ነዎት። ማግስቱን ጠዋት መዝግቤዎታለሁ፤ ሊንኩን እልካለሁ። መልካም በዓል!"

ተዘጋ። ጭማቂ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያየን ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ይዛለች። ትንሣኤ ስልኩን እንደ ጋለ ብረት በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ቆሟል። "ተሳስታለች" አለ። "እኔ ገና ነኝ ነው ያልኳት፤ እሷ ገናን ሰማች። መልሼ ልደውልላት።"

"ምን ልትላት?"

"እውነቱን ነዋ። አልተዘጋጀሁም፣ ገና ነኝ ልላት።"

እኔ ረጋ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቼን ጠይቁ። ያን ቀን ግን ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "ደውልላት" አልኩት። "ግን አንድ ነገር እወቅ። ደውለህ ገና ነኝ ካልካት፣ ለእኔም እንዳልከኝ ነው የምቆጥረው። ከዚያ በኋላ ምን ቀረህ ብዬ አልጠይቅህም።"

መጀመሪያ አልገባውም። ቀስ እያለ ሲገባው አየሁት። "ዮዲት፣ አንቺ እስከ ዛሬ... እምቢ እያልኩሽ ነው ብለሽ ነው?"

"እኔ ምን ላውቅ?"

ተቀመጠ። "ካልተፈተንኩ አልወደቅኩም። ብወድቅስ? አባትሽ ፊት የወደቀው ትንሣኤ ተብዬ ልቆም ነው? ገና ነኝ እያልኩ ብቆይ ቢያንስ አንቺን አላጣሽም ብዬ ነው።" ይህን ያህል ሞኝ ነገር ይህን ሁሉ ካነበበ ጭንቅላት ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። ሊያጣኝ ፈርቶ ሊያጣኝ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከተተና ስፕሪሱን ጨረሰ። አልደወለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አልተርክላችሁም፤ በሩ በጠመኔ ሞላ፣ ግድግዳው ተጀመረ። የገና ዕለት እማማ እህተማርያም ዶሮውን አቅርባ፣ እሱ በእንቁላሎቹ ላይ ጣቱን እየቀሰረ ማጉረምረም ሲጀምር እጁን መታችው። "ዛሬ ገና ነው። ዛሬ እንኳ ገና ነኝ አትበለኝ፤ ብላ!"

በማግስቱ ቃለ መጠይቁን ያደረገው አባቴ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ከእማማ እህተማርያም ቤት ይልቅ የእኛ ሱቅ ኢንተርኔት ይሻላል። ለበዓሉ ሱቁ አልተከፈተም ነበር። ቁልፉን ስጠይቃቸው አባቴ "ለምን?" አላሉም። አብረውኝ መጥተው ከፈቱና፣ እንደ ዘበኛ ደጅ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ሚስማር ፈልጎ በሩን የሚያንኳኳ እንዳይመጣ ነው።

እኔ ካሜራው በማያሳየኝ በኩል የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ፣ ትንፋሼን ውጬ እሰማለሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው የሚጠይቁት። የስብሰባ ሰዓቶች ዝርዝር ሰጡትና የሚጋጩትን የሚያገኝ ፕሮግራም ጻፍ አሉት። ትንሣኤ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ፈዞ ቀረ ብዬ እጄን ነከስኩ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና፣ በዚያ የሚኒባስ ድምፁ፣ "መጀመሪያ እንደርድራቸው" አለ።

ከዚያማ ማን ያቆመዋል። ይናገራል፣ ይጽፋል፣ ይናገራል። አሠራው፤ ሞከሩት፤ መልሱ ልክ ሆነ። አንደኛው ሰው "በጣም ጥሩ፤ እኛ በዚህ ይበቃናል። ጨረስክ?" አለው።

"ገና ነኝ" አለ ትንሣኤ።

አበቃ፣ ልማዱ በላው አልኩ። እሱ ግን ቀጠለ። "ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቢመጣስ? አንዱ ስብሰባ የሚያልቅበት ደቂቃ ላይ ሌላው ቢጀምር ተጋጩ ነው የምንለው ወይስ አልተጋጩም? ከሚጀምርበት ሰዓት ቀድሞ የሚያልቅ ስብሰባ ሰው ተሳስቶ ቢያስገባስ? እነዚህን ሳላይ ለሰው አልሰጥም።" ከዚያኛው ወገን አንደኛው ሳቀ፤ የማፌዝ ሳቅ አልነበረም። "እስቲ አንድ በአንድ አሳየን" አለው። አሳያቸው። የተመደበለት ሰዓት አልፎ እንኳ ይጠይቁታል፣ ይመልሳል።

እኔ ያን ጊዜ ነው ያ ክሊኒክ ለምን ካርድ ጠፍቶበት እንደማያውቅ የገባኝ። ይህ ሰው ምንም ነገር አለቀ ብሎ የማያምነው ፈሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እሱ የሠራው ነገር ላይ ሰው እምነቱን ጥሎ እንደሚተኛ ስለሚያውቅ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው መጠበቅ ያደክማል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማግባት ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ያሳርፋል።

ውጤቱን እንነግርሃለን አሉት። ቀናት አለፉ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እሱም እኔም እንዘላለን፤ አንዱ የባንክ መልእክት ይሆናል፣ ሌላው የተሳሳተ ቁጥር። እኔ ተስፋ ለመቁረጥ ራሴን ማለማመድ ጀምሬ ነበር።

የገበያ ቀን ነበር። ሱቁ ጢም ብሏል። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ቀለም እየቀዳሁ ነው። ትንሣኤ ገባ። በነጠላ ጫማ ነው፤ ሸሚዙ አንዱን ቁልፍ ከሌላው ቀዳዳ አሳስቶ ተቆልፏል፤ እጁ ላይ ጠመኔ አለበት። ወደ እኔ አልመጣም። በቀጥታ አባቴ ፊት ሄዶ ቆመ።

"ጋሽ ጠና፣ አሁን ደወሉልኝ። ተቀጠርኩ። ሰኞ እጀምራለሁ።" ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ልጅዎን ይስጡኝ።"

ሚዛኑ ላይ ሚስማር እየጣሉ የነበሩት አባቴ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚህ ሰው ከምጠብቀው ሁሉ ይህን አልጠበቅኩም። ጥያቄው ሳይመጣ መልሱን ያዘጋጅ የነበረ ሰው፣ በሕይወቱ ትልቁ ቃለ መጠይቅ ላይ ያለ አንዳች ዝግጅት ቆሟል።

"ሽማግሌዎችህስ?" አሉ አባቴ።

"አላመጣሁም። ሽማግሌ ፍለጋ ብሄድ እንዳልመለስ ፈርቼ ነው።"

አባቴ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። እኔ የአባቴን ፊት አውቃለሁ፤ ሳቅ ሲያፍኑ ነው እንዲያ የሚሆኑት። "ሽማግሌ የሌለው ሰው ልጅ አይጠይቅም። ወግ አለን።"

ይህን ጊዜ ከጃጁራ ቆርቆሮና ሚስማር ሊገዙ የመጡት አባባ ኤርሳሞ ቆርቆሮውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ትንሣኤ ጎን መጥተው ቆሙ። "እኔ ሽማግሌ ነኝ" አሉ። "ጢሜን እያያችሁ አይደለም?" ቁልፍ ሊገዛ የመጣው አቶ አሳምነው በሌላ ጎኑ ቆመ። ቀለም እየቀዳሁላቸው የነበሩት ወይዘሮ ሃቢባ ደግሞ "ሴት ሽማግሌ አይሆንም ያለ ማን ነው?" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሦስተኛ ሆኑ።

አባቴ እንደ ደንቡ ወንበር ጠቆሙ። "እሺ፣ ተቀመጡ።"

"መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አሉ አባባ ኤርሳሞ፤ ደንቡን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። "ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን ነው የመጣነው።" ልጃችን ያሉትን ሰው ካዩት ገና ሁለት ደቂቃ አልሞላቸውም።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንግዲህ በዚህ ላይ የልጅ አባት የሚለው የታወቀ ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። "ሰምተናል። ከቤተሰብ ጋር እንመክርበታለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።"

አሁንም ሌላ ቀን።

አባባ ኤርሳሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጋሽ ጠና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ከጃጁራ ነኝ። የመጣሁት ለሚስማር ነው። ቆርቆሮዬን ይዤ በመጀመሪያው መኪና ነው የምሄደው፤ ሌላ ቀን አልመለስም። ልጅቷ እዚችው ቆማለች። አሁኑኑ ይጠይቋትና ይንገሩን።"

ሱቁ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቴም ዞሩ። ከአሁን ወዲያ ሳቃቸውን ማፈን አልቻሉም፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶታል። "ዮዲት" አሉኝ፣ "ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?"

እጄ ላይ ቀለም ነበረብኝ፤ ፊቴን ስጠርግ ጉንጬም ተቀባ። ትንሣኤን አየሁት። ሸሚዙ የተዛነፈ፣ ነጠላ ጫማው አቧራ የጠጣ፣ ለምንም ነገር ያልተዘጋጀ ሆኖ ቆሟል፤ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም።

"እሺ" አልኩ፣ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

"በሉ እንግዲያው" አሉ አባባ ኤርሳሞ፣ "አሁን እንቀመጣለን።" የሲሚንቶው ከረጢት ላይ ተቀመጡ።